ኢሴንሻል ኦይል ውስጥ ያለው ምንድን ነው? ሰውነታችን ላይስ ምን ይሠራል?

ማታ_አንባቢ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ረዘም ይላልና ታገሱኝ እህታችሁን። አንድ የላቬንደር ኢሴንሻል ኦይል (ከአበባው የሚወጣ የመዓዛ ዘይት) አለኝ። ከፊት ለፊቱ በትልቁ «100 በመቶ ተፈጥሯዊ» ይላል። ከኋላው ደግሞ በጉንዳን ፊደል ሊናሎል፣ ሊሞኒን፣ ጄራኒዮል እያለ ይደረድራል። እንዴ! ተፈጥሯዊ ከሆነ እነዚህ ኬሚካሎች ከየት መጡ? ቀላቅለውበት ነው? ሌላው ደግሞ ኢንተርኔት ላይ ይህ ዘይት የማይፈውሰው በሽታ የለም። እንቅልፍ ያመጣል፣ ጀርም ይገድላል፣ ጭንቀት ያራግፋል፣ ጉበት ያጥባል። ግማሹ ሰው «ተአምር ነው» ይላል፣ ግማሹ «ሽታ ብቻ ነው» ብሎ ይስቃል። ውስጡ ምን እንዳለና ምን እንደሚሠራ በቅጡ የሚያውቅ ሰው ካለ ያስረዳኝ። ሊሸጥልኝ የሚፈልግ ግን በውስጥ መስመር አይምጣብኝ፣ አደራ።

ሞለኪውል፦
እህቴ፣ ያ ዝርዝር ተቀላቅሎበታል ማለት አይደለም። ሊናሎልን የሠራው ተክሉ ራሱ ነው። ጥሩ የላቬንደር ዘይት ውስጥ ሊናሎልና ሊናሊል አሲቴት ሁለቱ ብቻ ተደምረው ከግማሽ በላይ ይሆናሉ። እነሱን ብታወጪያቸው የሚቀርሽ ነገር ላቬንደር ላቬንደር አይሸትም። ስማቸው የተጻፈው የአውሮፓ ኅብረት የመዋቢያ ሕግ ስለሚያስገድድ ነው። አለርጂ ሊያስነሱ የሚችሉ የመዓዛ ውህዶች፣ ቆዳ ላይ በሚቆይ ነገር ውስጥ ከ0.001 በመቶ፣ ታጥቦ በሚሄድ ነገር ውስጥ ከ0.01 በመቶ ካለፉ በስማቸው መጠራት አለባቸው። ከአበባ ይምጡ ከፋብሪካ፣ ሕጉ ግድ የለውም።

አሁን ወደ ውስጡ እንግባ። ዘይቱ የብዙ ትንንሽ ሞለኪውሎች ድብልቅ ነው። ጽጌረዳን የመሰለው ውስጥ ከሦስት መቶ ዓይነት በላይ ተቆጥሯል። አብዛኞቹ ተርፒን ይባላሉ። ተርፒን የሚገጣጠመው አምስት ካርቦን ካላት አይሶፕሪን ከምትባል ቁራጭ ነው። ሁለት ቁራጭ ሲገጥም አሥር ካርቦን ያለው ሞኖተርፒን ይወጣል። ሊሞኒን፣ ሊናሎል፣ ሜንቶል፣ ካምፈር ሁሉም የዚህ ቤት ልጆች ናቸው። ሦስት ሲገጥም አሥራ አምስት ካርቦን ያለው ሴስኪተርፒን ይሆናል። እሱ ከበድ ይላል፣ ሽታውም ቶሎ አይጠፋም። ይህን የተመሰቃቀለ ቤተሰብ መልክ ካስያዙት ዋናው ኦቶ ቫላክ የተባለው ጀርመናዊ ኬሚስት ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1910 የኖቤል ሽልማት አግኝቶበታል። ሊዮፖልድ ሩዚችካም እ.ኤ.አ. በ1939 ሲሸለም ተርፒኖች ላይ የሠራው ሥራ አንዱ ምክንያት ነበር።

ሌላው ቡድን ፊኒልፕሮፓኖይድ ይባላል። ቅርንፉድን ቅርንፉድ ያሰኘው ዩጂኖል፣ ቀረፋን ቀረፋ ያሰኘው ሲናማልዴሃይድ ከዚህ ናቸው። መጠኑ ከዘይት ዘይት በጣም ይለያያል። የብርቱካን ልጣጭ ዘይት ከ90 በመቶ በላይ ሊሞኒን ነው፣ በቃ አንድ ነገር ነው ማለት ይቻላል። የጽጌረዳ ግን ሌላ ጉድ ነው። ዳማሴኖን የሚባለው ውህድ ከ1 በመቶ በታች ሆኖ ሳለ ሽታውን ከሚመሩት አንዱ ነው። ብዙ ያለው ሁሌ ብዙ ይሸታል ማለት አይደለም።

ዝም_አልልም፦
ዘይት ከተባለ ለምን አይወዛም ታዲያ? እጄ ላይ አድርጌ ትንሽ ቆይቼ ስነካው ድራሹ ጠፍቷል። ሸወዱኝ እንዴ?

ሞለኪውል፦
አልሸወዱህም። ዘይት ይባል እንጂ ከምግብ ዘይት ጋር ዝምድና የለውም። የምግብ ዘይት ሞለኪውል ከ50 በላይ ካርቦን ስለተሸከመ ከተቀመጠበት አይነሳም። እነዚህ አሥርና አሥራ አምስት ካርቦን ስለሆኑ ይተናሉ። ማየት ከፈለግክ ነጭ ወረቀት ውሰድ። በአንዱ ጥግ አንድ ጠብታ የምግብ ዘይት፣ በሌላው ጥግ አንድ ጠብታ ላቬንደር ጣል። መጀመሪያ ሁለቱም ወረቀቱን ብርሃን አሳላፊ ያደርጉታል። በማግሥቱ የምግብ ዘይቱ እንደ ወዛ ታገኘዋለህ፣ የላቬንደሩ ቦታ ግን ደርቆ ወደ ነጭነቱ ተመልሷል፣ ቢበዛ ጠርዙ ላይ ስስ ቀለበት ይቀራል። የወዛ ቦታ ከተወ ሌላ ዘይት ገብቶበታል ብለህ ጠርጥር። ተጨምቆ የወጣ የብርቱካን ዘይት ግን ትንሽ ሰም ስላለበት ምልክት ሊተው ይችላል፣ በእሱ አትፍረድ። ደግሞ በፋብሪካ ሊናሎል የተበረዘ ላቬንደር ይህን ፈተና እየሳቀ ነው የሚያልፈው። እሱን የሚያጋልጠው ጋዝ ክሮማቶግራፊ ነው። በማሽኑ ሞለኪውሎቹ አንድ በአንድ ተለያይተው ሲወጡ ወረቀቱ ላይ እንደ ተራራ ሰንሰለት ይሳላሉ፣ ከእያንዳንዱ ተራራ ስፋት ማን ምን ያህል እንዳለ ታነባለህ።

አበባ_ቀቃይ፦
ስለ አወጣጡ እስካሁን ማንም አላነሳም፣ ግማሹ ኬሚስትሪ እኮ ያለው እዚያ ነው።

ብዙው የሚወጣው በእንፋሎት ነው። የሊናሎል የራሱ መፍያ 200 ዲግሪ ሊደርስ ምንም አይቀረውም፣ ግን ውሃና ዘይት ስለማይዋሃዱ ሁለቱም የየራሳቸውን ትነት ይገፋሉ፣ ድምሩ ከአየሩ ግፊት ጋር ሲስተካከል ከ100 ዲግሪ በታች ተያይዘው ይወጣሉ። ለዚህ ነው አበባው ሳያር ዘይቱን የሚሰጠው። ቀዝቅዞ መቀበያው ውስጥ ሲገባ አብዛኛው ዘይት ውሃው ላይ ይንሳፈፋል። የቅርንፉድ ግን ከውሃ ስለሚከብድ ሥር ይወርዳል።

አሁን ደስ የሚለኝን ልንገራችሁ። ካሞሚል የምትባለው ነጭና ቢጫ አበባ ውስጥ ሰማያዊ ነገር የለም። የጀርመን ካሞሚል የሚባለውን ዓይነት በእንፋሎት ስታወጡት ግን የሚንጠባጠበው ዘይት እንደ ብዕር ቀለም ድብን ያለ ሰማያዊ ነው። አበባው ውስጥ ማትሪሲን የሚባል ቀለም የሌለው ውህድ አለ። ሙቀቱና እንፋሎቱ ይሰብረውና ካማዙሊን ይሆናል፣ ሰማያዊው እሱ ነው። እንግዲህ «ከተክሉ እንደወጣ» የሚሉት ነገር ሁሌም ተክሉ ውስጥ የነበረው አይደለም።

የተገላቢጦሹም አለ። የሎሚ ዘመዶች የሆኑት ቤርጋሞትና ላይም ልጣጫቸው ተጨምቆ ሲወጣ ፉራኖኩማሪን የሚባሉ ከባድ ውህዶች አብረው ይመጣሉ። ቤርጋፕቲን አንዱ ነው። ቆዳ ላይ ሆነው የፀሐይ አልትራቫዮሌት ሲያገኛቸው ቆዳውን ያቃጥሉታል፣ ጥቁር ጠባሳው ለወራት ይቆያል። በእንፋሎት የወጣው ላይ ግን ከባዶቹ ስለማይተኑ ወደ ኋላ ይቀራሉ። ለዚህ ነው ዓለም አቀፉ የሽቶ ማኅበር፣ ኢፍራ የሚሉት፣ ቆዳ ላይ በሚቆይ ምርት ውስጥ የተጨመቀ ቤርጋሞት ከ0.4 በመቶ እንዳይበልጥ የወሰነው።

ደግሞ ጦስኝ አለ። አንድ ዓይነት ጦስኝ፣ አንድ ሳይንሳዊ ስም፣ ግን አንደኛው ተራራ ላይ ያለው ታይሞል ይሠራል፣ ሌላኛው ሊናሎል። በመልክ አትለዩአቸውም። የመጀመሪያው ቆዳ ያቃጥላል፣ ሁለተኛው ለስላሳ ነው። «የጦስኝ ዘይት» ብቻ የሚል ጠርሙስ ግማሹን ነገር ደብቆሃል ማለት ነው።

ጀርም_ጠላት፦
ሁሉም ጥሩ ነው፣ ግን ዋናውን ሸሻችሁት። የኦሬጋኖ ዘይት መድኃኒት የተላመደ ባክቴሪያ ሳይቀር እንደሚገድል የታተመ ጥናት አለ። ታዲያ ሐኪሞች ለምን አንቲባዮቲክ ብቻ ያዝዛሉ? ቢዝነስ ነው በሉኝ።

ፋርማሲ_ጥግ፦
ይገድላል። የላቦራቶሪ ሳህን ላይ።

አሠራሩም ይታወቃል። የኦሬጋኖ ዘይት ውስጥ ያሉት ካርቫክሮልና ታይሞል ስብ ስለሚወዱ የባክቴሪያው ሽፋን ውስጥ ሰርገው ይገባሉ። ሽፋኑ ያፈሳል፣ ፖታሲየሙ ይወጣል፣ ጉልበት መሥራት ያቆማል፣ ያልቅለታል። ችግሩ መጠኑ ነው ወንድሜ። ሳህን ላይ ባክቴሪያ ለመግደል ብዙ ጊዜ ከ0.1 እስከ 1 በመቶ የሚሆን ዘይት ያስፈልጋል። ዝቅተኛውን፣ 0.1 በመቶን ውሰድ። በአንድ ሚሊ ሊትር ወደ 1 ሚሊ ግራም ነው፣ ማለትም 1,000,000 ናኖግራም። አሁን ወደ ሰው ደም እንምጣ። እ.ኤ.አ. በ1992 በታተመ አንድ ሙከራ 2 በመቶ ላቬንደር ያለበት ዘይት ሰው ሆድ ላይ ታሽቶ ደሙ ተለካ። ሊናሎል በ20 ደቂቃ ገደማ ጣሪያ ነካ። ጣሪያው በሚሊ ሊትር ወደ 100 ናኖግራም ነበር። 10,000 እጥፍ ይጎድላል። ክፍተቱን ለመሙላት ዘይቱን ብትጠጣ ከባክቴሪያው በፊት የምትጎዳው አንተ ነህ፣ የእኛም ሴል ሽፋን ከስብ ነው የተሠራው።

ቆዳ ላይ ሲሆን ነገሩ ይለወጣል፣ ምክንያቱም እዚያ መጠኑን በቀጥታ ማድረስ ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1990 ቲ ትሪ ከሚባል ዛፍ ቅጠል የሚወጣ ዘይት 5 በመቶ ያለበት ጄል ለብጉር ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ ከሚባለው የብጉር መድኃኒት ጋር ተወዳድሮ ነበር። ሁለቱም ሠሩ። ቲ ትሪው ቀስ ብሎ ነው የሠራው፣ ግን የቆዳ መድረቁና መቆጣቱ ያነሰ ነበር።

ጀርም_ጠላት፦
እሺ የሂሳቡ ነገር ገብቶኛል። የቢዝነሱ ነገር ግን አሁንም አልተዋጠልኝም።

ፋርማሲ_ጥግ፦
ዘይቱን የሚሸጡልህ ሰዎችስ ለነፍሳቸው ነው?

ማታ_አንባቢ፦
ሃሃሃ። ታዲያ ውስጥ ገብቶ በትክክል የሚሠራ የለም ማለት ነው? ሽታ ብቻ ናቸው የሚሉት ልክ ናቸው?

ፋርማሲ_ጥግ፦
አይደሉም። በጣም የማምንበት የፔፐርሚንት (የናና ዓይነት) ዘይት ነው። ውስጡ ያለው ሜንቶል የአንጀት ጡንቻ ውስጥ ካልሲየም የሚገባበትን በር ይዘጋል፣ የተኮማተረው ጡንቻ ይላላል። የአሜሪካ የጨጓራና አንጀት ሐኪሞች ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መመሪያ ለቁጡ አንጀት ሕመም ከሚጠቁማቸው ነገሮች አንዱ ነው። ግን ካፕሱሉ ጨጓራ ውስጥ እንዳይፈታ ተሸፍኖ የተሠራ መሆን አለበት። ጨጓራ ላይ ከተፈታ በጉሮሮና በጨጓራ መካከል ያለውንም ጡንቻ ያላላውና ቃር ይለቅብሻል። በውሃ ላይ አንጠባጥቦ መጠጣት እንግዲህ ሌላ ነገር ነው።

ላቬንደርም በ80 ሚሊ ግራም ካፕሱል ተዘጋጅቶ ለጭንቀት የተፈተነ አለ፣ ጀርመን አገር እንደ መድኃኒት ይሸጣል፣ ውጤቱም ከባዶ ካፕሱል የተሻለ ሆኖ ተገኝቷል። ትራስ ላይ የሚረጨው ግን ያንን ማስረጃ ተውሶ መኩራራት አይችልም። መጠኑም መንገዱም አይገናኝም።

የጥርስ ሐኪሞች ዩጂኖልን ከዚንክ ኦክሳይድ ጋር ለውሰው ጊዜያዊ ሙሌት ሲሠሩበት የኖሩት ነገር ነው። ሕመም ያደነዝዛል። የክሊኒኩ ሽታ ቅርንፉድ ቅርንፉድ የሚለው ለዚህ ነው።

ሞለኪውል፦
ስለ ሜንቶል አንድ ነገር ልጨምር። ስትቀቢው ይቀዘቅዝሻል አይደል? ቴርሞሜትር ብታስቀምጪበት ግን ቆዳሽ ያን ያህል አልቀዘቀዘም። ነርቮችሽ ላይ ቲአርፒኤም8 የሚባል፣ ቅዝቃዜ ሲመጣ የሚከፈት በር አለ። ሜንቶል ሄዶ ያንኑ በር ይከፍተዋል፣ አንጎልሽም «በረዶ ነው» ብሎ ያነበዋል። በሩ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2002 ነው። ዴቪድ ጁሊየስና አርደም ፓታፑቲያን ሙቀትንና ንክኪን የሚያውቁትን በሮች በማግኘታቸው እ.ኤ.አ. በ2021 ኖቤል ተሸልመዋል። ሲናማልዴሃይድ ደግሞ ሌላ በር ነው የሚያንኳኳው፣ የሚያቃጥል ነገር ሲመጣ የሚከፈተውን። ቀረፋ ዘይት ምላስ የሚለበልበው ለዚህ ነው። ቁንዶ በርበሬና ቅርንፉድ ውስጥ ያለው ቤታ ካርዮፊሊን ካናቢስ ከሚነካቸው ሁለት መቀበያዎች አንዱን፣ ሲቢ2ን እንደሚይዝ እ.ኤ.አ. በ2008 ታይቷል። አያሰክርም፣ የሚያሰክረው ሌላኛው ነው። (ቀድሜ ነው የመለስኩት፣ የሚጠይቅ እንዳለ አውቃለሁ።)

አፍንጫችሁም ቀላል አይደለም። ካርቮን የሚባል ሞለኪውል አለ። ቀኝና ግራ እጅ እንደሚመሳሰሉት ሁለት መልክ አለው፣ የአተሞቹ ብዛትም ትስስርም አንድ ነው። አንዱ ስፒርሚንት የሚባለውን ናና ይሸታል፣ መስተዋት ምስሉ ደግሞ ካራዌይ የሚባለውን ዘር። ሌላ ልዩነት የላቸውም። አፍንጫችን ውስጥ ያሉት መቀበያዎች ራሳቸው ቀኝና ግራ ስላላቸው ነው የሚለዩአቸው።

ሽበት_ያለው፦
ልጆች፣ እኔ ጉልበቴን የሚያመኝ ሰው ነኝ። ዊንተርግሪን የሚባል ዘይት በደንብ አሽተህ ተቀባ አሉኝ። ለልቤ ዋርፋሪን የሚባለውን ደም ማቅጠኛ እወስዳለሁ። ችግር ይኖረዋል?

ፋርማሲ_ጥግ፦
ጋሼ፣ እንኳን ጠየቁ። እባክዎ አይቀቡት። ዊንተርግሪን 98 በመቶ ገደማው ሜቲል ሳሊሲሌት ነው፣ የአስፕሪን የቅርብ ዘመድ። በቆዳ ውስጥ አልፎ ደም ይገባል። ከዋርፋሪን ጋር ሲገናኝ ደሙን ከሚፈለገው በላይ ያቀጥነዋል፣ በቅባት ብቻ ደም የፈሰሳቸው ሰዎች አሉ። ለጉልበትዎ ሐኪምዎን ሲያገኙ ሌላ የሚስማማ ይነግሩዎታል። ደግሞ ጠርሙሱ ቤት ካለ ከልጅ ልጆችዎ ያርቁት። አንድ የሻይ ማንኪያ፣ 5 ሚሊ ሊትር ማለት ነው፣ ወደ 7 ግራም አስፕሪን ያህል ጉልበት አለው። ከ20 ክኒን በላይ ነው። ትንሽ ልጅ ይገድላል።

ሽበት_ያለው፦
እግዜር ይስጥሽ ልጄ። እተወዋለሁ።

የጨቅላ_እናት፦
እኔም ልጠይቅ። ስድስት ወር የሆናት ልጄ አፍንጫዋ ተዘግቷል። ባሕር ዛፍ ወይም ሜንቶል አፍንጫዋ ሥር ቀቢ ብለውኛል።

ፋርማሲ_ጥግ፦
በፍጹም አትቀቢ። ጨቅላ ሕፃን አፍንጫ ሥር ሜንቶል ወይም ሲኒዮል (የባሕር ዛፉ ዋና ውህድ) ሲደረግ ጉሮሮዋ በድንገት ሊዘጋ፣ ትንፋሿ ሊቆም ይችላል። ካምፈር ደግሞ ሲዋጥ ሕፃናትን በደቂቃዎች ውስጥ ያንቀጠቅጣል። አሜሪካ ውስጥ በሚቀባ መድኃኒት ላይ ከ11 በመቶ እንዳይበልጥ የተገደበው ለዚህ ነው። የጨው ውሃ ጠብታ ይበቃታል። ጡት መጥባት ካቃታት ወይም ስትተነፍስ ጎኗ ወደ ውስጥ እየገባ ከሆነ ግን እዚህ መልስ አትጠብቂ፣ አሁኑኑ ሐኪም ቤት ውሰጃት።

ዝም_አልልም፦
ድመትስ? ዲፊውዘር (ዘይቱን ወደ አየር የሚረጨውን ዕቃ) ቀኑን ሙሉ ነው የምለኩሰው፣ ድመቴ ከሰሞኑ ምራቋን እያዝረበረበች ነው።

ሞለኪውል፦
አጥፋው፣ መስኮት ክፈት፣ የእንስሳት ሐኪም ጋ ውሰዳት። እኛ ፊኖል የሚባሉ፣ እንደ ታይሞልና ዩጂኖል ያሉ ነገሮችን ጉበታችን ውስጥ ከስኳር አሲድ ጋር አጣብቀን በሽንት እናስወጣለን። ድመት ይህን ከሚሠሩት ኢንዛይሞች ዋናው ተበላሽቶባታል፣ ጂኑ አለ ግን አይሠራም። ስለዚህ ለአንተ ቀላል የሆነው እሷ ውስጥ ይጠራቀማል። ደግሞ ፀጉሯ ላይ ያረፈውን ትልሳለች። ቲ ትሪ ድመት ላይ በምንም መልኩ አይደረግም፣ ለቁንጫም ቢሆን።

ማታ_አንባቢ፦
በጣም አመሰግናለሁ ሁላችሁንም። የመጨረሻ ጥያቄ። የኔ ጠርሙስ ከተከፈተ ቆይቷል፣ ያኔ ቆዳዬን ምንም አላደረገኝም፣ አሁን ግን ስቀባው ያሳክከኛል። በአንድ ጊዜ አለርጂ ሆንኩ?

አበባ_ቀቃይ፦
ዘይቱ ነው የተለወጠው። ሊናሎልና ሊሞኒን አየር ሲያገኛቸው ሃይድሮፐርኦክሳይድ ይሆናሉ። ትኩሱ ሊናሎል ቆዳ ብዙም አይነካም፣ ኦክስጅን የበላው ግን ከታወቁት የቆዳ አለርጂ አምጪዎች ነው። አንዴ ሰውነትሽ ከያዘው ደግሞ አይረሳውም፣ በሳሙናና በሽቶ ውስጥ ያለውም ያሳክክሻል። ስለዚህ ያንን ጠርሙስ ቆዳሽ ላይ ማድረግ አቁሚ። የሚቀጥለውን ስትገዢ ትንሽ ጠርሙስ፣ ጥቁር ብርጭቆ፣ ክዳኑ ግጥም ያለ፣ ፍሪጅ ውስጥ። ሲጋመስ ወደ ትንሽ ጠርሙስ ገልብጪው፣ የሚጎዳው ከላይ ያለው ባዶ አየር ነው። በሌላ ዘይት ሳይቀጥንም አትቀቢ፣ 1 ወይም 2 በመቶ ይበቃል።

ዝም_አልልም፦
ያረጀውን ምን ታድርገው? መድፋቱ ያሳዝናል።

አበባ_ቀቃይ፦
የብርቱካን ቢሆን የተለጠፈ ወረቀት ሙጫ ሙልጭ አድርጎ ያነሳል፣ ጓንት አድርጋ። ብርጭቆና ብረት ላይ ብቻ ግን። ስታይሮፎም (ነጩ የዕቃ ማሸጊያ ፎም) ላይ አንድ ጠብታ ጣሉና እዩት፣ ሊሞኒን ጥርስ እንዳለው ነገር እየበላው ቀዳዳ ሆኖ ይወርዳል። የጠረገችበትን ጨርቅ ጨምድዳ አትጣለው። ሊሞኒን ወደ 50 ዲግሪ ሲሞቅ ትነቱ እሳት ይይዛል። ከምድጃ ራቅ አድርጋ ውጭ ታስጣው፣ ሲደርቅ ትጣለው።